ጀግና በማን ሚዛን? ስለ አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ስለ አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፉትቦል በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ትችት ሰሞኑን ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩና ነገሩን በቅርብ የተመለከቱ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከተሞች የ17 ዓመት ልጆችን «ጀግና» እያሉ ስማቸውን በግድግዳ ላይ መጻፋቸው ራስን ማታለል ነው፤ ከእነዚህ ጀግኖች አብዛኞቹ ከከተማቸው ወጥተው ሲፈተኑ ወድቀዋል፤ ስለ እነርሱ የሚወራውም በየዓመቱ የሚጋነን ተረት ነው፤ ለዚህ ተረት ሲባል በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር በስታዲየም ላይ ይፈስሳል፤ አሠልጣኞች ከመምህራን በላይ ይከበራሉ፤ ኩራቱ ራሱ የጎረቤትን ከተማ፣ አልፎም የሌላውን ዘር ከመጥላት የተወለደ ነው፤ የልጆች ጭንቅላት ይጎዳል፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ናፍቆት እንጂ ዛሬ ነፍስ ያለው ነገር አይደለም። ከሰባቱ ነጥቦች በአንዱ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በሌሎቹም ውስጥ አልፎ አልፎ እውነት አገኝባቸዋለሁ። ጽሑፉን በሙሉ የተሸከመው ሚዛን ግን የተሳሳተ ስለመሰለኝ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። «ፉትቦል» የምለው እኛ እግር ኳስ የምንለውን ሳይሆን፣ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን፣ ሜዳው በያርድ የሚለካበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው፤ አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል። ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔ ራሴ ይህን ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም። ኦሃዮ ውስጥ ስንኖር ሴት ልጄ በትምህርት ቤቷ የማርሽ ባንድ ክላርኔት ትነፋ ስለነበር፣ ለአራት ዓመት በየመኸሩ ዓርብ ምሽት ከብረት መቀመጫ ላይ እየበረደኝ ተቀምጫለሁ፤ ደንቡንም የተማርኩት አጠገቤ ከሚቀመጡ ሽማግሌዎች ነው። ስለዚህ ወገንተኛ አይደለሁም ባልልም፣ ወገንተኛነቴ ከልጄ ክላርኔት ብዙም አያልፍም።

ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የተመኩት በመጀመሪያው ክርክራቸው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ተአምር ሠራ የተባለ ልጅ በኮሌጅና በፕሮፌሽናል ሊግ ካልደገመው መጀመሪያውኑ ተአምር አልነበረም፤ ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ስለነበሩ ብቻ ገኖ የታየ ነው ይላሉ። ለምስክርነትም ኬን ሆልን ይጠራሉ። ምስክሩን የመረጡት በጥሩ ዓይን ነው፤ ቃሉን ግን እስከ መጨረሻው አላዳመጡትም።

ኬን ሆል ከሂውስተን በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው፣ በስኳር ፋብሪካ ዙሪያ ባደገችው በሹገር ላንድ ከተማ ከ1950 እስከ 1953 የተጫወተ ልጅ ነው። በእነዚህ አራት የውድድር ዘመናት ኳስ ይዞ የሮጠው ርቀት 11,232 ያርድ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚህ ውስጥ 4,045ቱ የ1953 ብቻ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ያህል፣ በፕሮፌሽናል ሊጉ አንድ ሯጭ በአንድ የውድድር ዘመን 1,000 ያርድ ካለፈ ዓመቱ መልካም ነበር ይባልለታል። በዚያው በ1953 በአንድ ጨዋታ ላይ ኳሷን 11 ጊዜ ብቻ ይዞ 520 ያርድ ሮጧል፤ ይህም ኳሷ እጁ በገባች ቁጥር በአማካይ የሜዳውን ግማሽ ገደማ አቋርጧል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ጸሐፊው እንዳሉት ነው። ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ሄደ፤ በጥብቅነታቸው ስማቸው ከገነነው አሠልጣኝ ከቤር ብራያንት ሥር አልሆነለትም፤ ቡድኑን ጥሎ ወጣ። በካናዳና በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ውስጥም የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው።

እንግዲህ የጸሐፊውን ሚዛን በዚህ ላይ እንሞክረው። የሆል ክብረ ወሰን 59 ዓመት ሳይነካ ቆይቶ በ2012 የሰበረው ዴሪክ ሄንሪ የተባለ የዩሊ ልጅ ነው፤ ዩሊ በፍሎሪዳ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ያለች ትንሽ ቦታ ናት። ሄንሪ የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታውን በ12,124 ያርድ ጨረሰ። በ2015 የኮሌጅ ተጫዋቾች ትልቁ ሽልማት የሆነውን ሃይስማንን ወሰደ፤ በ2020 ደግሞ በፕሮፌሽናል ሊጉ በአንድ የውድድር ዘመን 2,027 ያርድ ሮጠ። በጸሐፊው አቆጣጠር፣ የዩሊ ሰዎች በ2012 ያዩት እውነት ሲሆን የሹገር ላንድ ሰዎች በ1953 ያዩት ቅዠት ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ከተሞች በገዛ ሜዳቸው ያዩት ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ በየቀኑ በሰፈር የሚያዩት ልጅ፣ ተከላካዮቹን ሁሉ ከኋላው አስከትሎ ሲሮጥ። ያ ምሽት እውነት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ ከሌላ አሠልጣኝ ጋር በሆነው ነገር የሚወሰነው ስለ ምን እንደሆነ ጸሐፊው አልነገሩንም። «ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ነበሩ» የሚለውም ቢሆን ሩቅ አይወስድም። ደካማ ተጋጣሚ በዚያ ዘመን ለሆል ብቻ የተመደበ አልነበረም፤ ከ1953 እስከ 2012 ስፍር ቁጥር የሌላቸው ልጆች ከደካማ ቡድኖች ጋር ተጫውተዋል፤ ወደዚያ ቁጥር የዘለቀ ግን አልነበረም።

ከዚህም ሌላ፣ ሚዛኑ ራሱ ብዙ ሰው ይጥላል። በሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል ከሚጫወቱት ውስጥ በኮሌጅ ቡድን የሚጫወቱት ከመቶ 7 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚያም ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የሚያልፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጨዋታው የላይኛው ደረጃ ወንፊት ብቻ ነው ካልን፣ የቀሩት 93ቱ በጉርምስናቸው የደከሙበት ሁሉ ገለባ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል፤ ዛሬ የቺካጎን ማልያ የለበሰው ከነገ ወዲያ የዳላስን ይለብሳል። የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን በመሠረቱ ቡድኑን የሚሠራው በአካባቢው ከተወለዱለትና ካደጉለት ልጆች ነው። ረጅም ልጅ በሌለበት ዓመት ባጭሩ ይጫወታል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንዲሉ፣ የዚያ ዓይነቱን ጨዋታ ጀግና የሚመዝነው ከእነማን መካከል እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ነው። የሹገር ላንድ ነዋሪ ኬን ሆልን ከፕሮፌሽናል ሯጮች ጋር አላወዳደረውም፤ ማወዳደርም አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ወሬው ይጋነናል የሚለው፣ ልክ ነው። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ከሜዳው በስተደቡብ ጫፍ ካለው አጥር ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው የሚቆሙ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው የቡና ቴርሞሱን ክዳን በያዘበት እጁ ወደ 20 ያርዱ መስመር እያመለከተ፣ ከ40 ዓመት በፊት አንድ ልጅ እዚያች ሣር ላይ ሁለት ተከላካዮችን እንዴት እንዳሳሳተ ይተርክ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ስሰማው ሩጫው 60 ያርድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት 75 ሆነ፤ ዝናብም ጨመረበት። በሦስተኛው ዓመት ከተከላካዮቹ የአንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። በዚያ ምሽት ግን በጡረታ የወጡ፣ የትምህርት ቤቱን የውጤት ደብተር ለብዙ ዘመን የያዙ የሒሳብ መምህርት በአጠገባቸው ሲያልፉ ቆም ብለው አደመጡና «43 ያርድ ነው፤ ቤቴ ተጽፏል» አሉ። ሰውየው ሳይደነግጥ «ደብተርሽ ላይ ዝናቡ አለ?» አላቸው። አልነበረም። ሆኖም ዝናቡን ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሽማግሌ ያስታውሱት ነበር።

ይህን የማነሣው ለሣቅ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ማጋነኑን ይዘው ነገሩ በሙሉ ውሸት ነው ወደሚለው ሲሻገሩ፣ ወሬው የሚወራበትን ቦታ ይረሳሉ። የሚወራው በዓይናቸው ባዩ ሰዎች ፊት ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንስበታል፤ ደብተር የያዘችው ደግሞ ሁለቱንም ታርማለች። የየከተማው ጋዜጣም ቅዳሜ ጠዋት ያርዱንና ነጥቡን በሠንጠረዥ ሲያትም የኖረ ነው፤ የኬን ሆል ቁጥርም ዛሬ ድረስ የሚጠቀሰው እንዲህ ያለ መዝገብ ስላለው ነው። ደብተር የሚይዝ፣ ጋዜጣ የሚዘግብ ያልነበራቸው ከተሞች ነገር ግን ሌላ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ስታዲየሞቹ ጸሐፊው የቴክሳስን የአለን ከተማ ያነሣሉ፤ ቁጥራቸውም ትክክል ነው። በ2012 የተከፈተው የአለን ስታዲየም 18,000 ሰው ይይዛል፤ ወጪውም 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጸሐፊው ያልጠቀሱትን ልጨምርላቸው፦ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ ተዘጋ፣ ታርሞ በ2015 እንደገና ተከፈተ። ለትችታቸው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ይሁን እንጂ «ይህ ገንዘብ ለመምህራን ደመወዝ በዋለ ነበር» ማለታቸው በቴክሳስ ሕግ አይሠራም። ስታዲየሙ የተሠራው መራጮች በ2009 ድምፅ ሰጥተው ባጸደቁት የቦንድ ብድር ነው፤ በዚያ ግዛት የትምህርት ቤት ቦንድ ለሕንፃና ለቋሚ ንብረት እንጂ ለደመወዝ ሊውል አይችልም። ቤተ ሙከራ ወይም ቤተ መጻሕፍት ይሠራበት ነበር ቢሉ ግን የሚያስኬድ ክርክር በሆነ። ደግሞም አለን ትንሽ ከተማ አይደለችም። ከዳላስ በስተሰሜን ያለች ባለጸጋ የከተማ ዳርቻ ስትሆን፣ አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ብቻ ከ5,000 በላይ ተማሪዎች አሉት። ስለ ትናንሽ ከተሞች ከንቱነት የሚያወራ ጽሑፍ ዋና ማስረጃውን ከዚያ ማምጣቱ ነገሩን አያቀናም።

በማሲሎን፣ ኦሃዮ ያለው ስታዲየም በ1939 ሲከፈት የሠራው በኢኮኖሚ ውድቀቱ ዘመን ለሥራ አጦች ሥራ ለመስጠት የተቋቋመው የፌደራል መንግሥት ፕሮግራም ነበር። ዛሬም ይጫወቱበታል።

አሠልጣኞችን በሚመለከት ብዙ የምለው የለኝም። አንዳንዶቹ ከሚገባቸው በላይ ይከፈላቸዋል፣ ከሚገባቸውም በላይ ይፈራሉ፤ ይህን አልክድም። ጸሐፊው ግን ክብሩን በሙሉ የድል ስካር አድርገው ማየታቸው እንደ ጆን ማኪሲክ ያለውን ሰው አይገልጸውም። ማኪሲክ በደቡብ ካሮላይና በሰመርቪል ከተማ ከ1952 እስከ 2014 በአንድ ትምህርት ቤት አሠልጥነው 621 ጊዜ አሸንፈዋል። ቁጥሩ ይገርማል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን 63 የውድድር ዘመን በአንድ ከተማ መቆየታቸው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ውስጥ አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ሰው ፉጨት ሊሮጡ ይችላሉ። ከእርሳቸው በኋላ ቡድኑን የተረከቡትም የልጃቸው ልጅ ናቸው። «ትምህርት ለኳስ ይሠዋል» የሚለውንም እግረ መንገዴን ላንሣ፦ ጸሐፊው ሁሉን ነገር ከሚያመጡባት ከቴክሳስ ራሷ በ1984 የወጣው ሕግ በአንድ የትምህርት ዓይነት እንኳ ከ70 በታች ያገኘ ተማሪ ለ6 ሳምንት እንዳይጫወት ከልክሏል። በ1995 ቅጣቱ ወደ 3 ሳምንት መቀነሱ ለጸሐፊው ክርክር ይጠቅማል፤ ሕጉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ጸሐፊው የከተማ ኩራት የሚበቅለው ከጥላቻ ነው ይላሉ፤ ሁለት ማስረጃም ያቀርባሉ። አንደኛው ከ1894 ጀምሮ የሚጋጠሙት የማሲሎንና የካንተን ማኪንሊ ትምህርት ቤቶች ፉክክር ነው። ይህን እንኳ ብዙም ሳልቆይ ባልፈው ይሻላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ የጥቂት ማይል ነው፤ ሕዝቡ ይጋባል፣ አብሮ ይሠራል፣ በዓመት አንድ ሳምንት ይኳረፋል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚል አገር ልጆች ሆነን ይህን ጥላቻ ብለን ብንጠራው ትዝብት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ግን ዘር ነው፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ሁሉ ይልቅ እንድመልስላቸው ያስገደደኝ ነው። «በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ልጆች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነበሩ፤ ስለዚህ የከተሞቹ ጀግኖች ሁሉ ነጮች ናቸው» ብለዋል። አድልዎውን ለማውገዝ የተጻፈ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን እውነት አይደለም። ከ1920 እስከ 1970 በቴክሳስ ፕሬይሪ ቪው በሚባል የጥቁሮች ኮሌጅ ስም የተሰየመ የጥቁር ትምህርት ቤቶች ሊግ ነበር። የነጮቹ ትምህርት ቤቶች ዓርብን ስለያዙ፣ እነዚህ ልጆች በዚያው ስታዲየም ረቡዕና ሐሙስ ምሽት ይጫወቱ ነበር። ሕዝባቸውም ይጎርፍ ነበር። ኋላ በፒትስበርግ ስቲለርስ ቡድን አራት ጊዜ ሱፐር ቦውልን፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ያሸነፈው ጆ ግሪን የወጣው ከቴምፕል ከተማ ደንባር ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላው ታዋቂ የፕሮፌሽናል ሊግ ተጫዋች ኬን ሂውስተን ከላፍኪን ደንባር ወጥቷል፤ በ1952 በፕሮፌሽናል ሊጉ በአንድ የውድድር ዘመን 14 ኳስ የነጠቀውና ክብረ ወሰኑ እስከ ዛሬ ያልተሰበረበት ዲክ ሌን የኦስቲን አንደርሰን ተማሪ ነበር። በ1967 ፕሮፌሽናል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ ከኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ቡባ ስሚዝ በቦሞንት ከተማ የተጫወተው በአባቱ አሠልጣኝነት ነው። እነዚህ ልጆች ከጨዋታው ውጭ አልነበሩም። ከመዝገብ ውጭ ነበሩ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ትምህርት ቤቶች ሲዋሐዱ በብዙ ቦታ የተዘጋው የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ነው። አንደርሰን ትምህርት ቤት በ1971 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተዘጋ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ለተሠራ አዲስ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ማልያ፣ የትምህርት ቤት ቀለም፣ መዝሙር ቀረ፤ ከተዘጉት ትምህርት ቤቶች የብዙዎቹ ዋንጫና ፎቶግራፍም የት እንደገባ አይታወቅም። የነጭ ጋዜጦች የረቡዕ ምሽትን ውጤት በአንዲት መስመር ይጠቅሱ ወይም ጨርሶ ይተዉት ነበር። እንግዲህ የእነዚያ ምሽቶች ዜና በምን ተረፈ? በወሬ ነው፤ በፀጉር አስተካካይ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ፣ እነዚያ በአጥሩ ላይ የሚደገፉ ዓይነት ሽማግሌዎች ሲደጋግሙት። የቀድሞዎቹ አሠልጣኞች ማኅበር ሰብስቦ የክብር መዝገብ እስኪከፍትላቸው ድረስ ብዙዎቹ ስሞች የኖሩት በሰው አፍ ብቻ ነው። ጸሐፊው «ተረት» ብለው የጣሉት ነገር ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ «ከጨዋታው ውጭ ነበሩ» የሚለው ሐሰት ብቻውን ታሪክ ሆኖ በቀረ። ያርዱ በትረካው ላይ ጥቂት ቢጨምር እንኳ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

የጭንቅላት ጉዳትን በሚመለከት ጸሐፊውን የምቃወምበት ነገር የለኝም። ልጄ ወንድ ሆና ልጫወት ብትለኝ ኖሮ እምቢ ነበር የምላት፤ በቤታችን ይህ ተነሥቶ ያውቃል፣ መልሴም ይኸው ነበር። አገሪቱም ቀስ ብላ ነቅታለች። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ የሕክምና ባለሙያ ሳይፈቅድለት ወደ ሜዳ እንዳይመለስ የሚከለክል ሕግ ዋሽንግተን ግዛት በ2009 አወጣች፤ በአምስት ዓመት ውስጥም ሁሉም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ካሊፎርኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ በውድድር ዘመን ሙሉ ግጭት ያለበትን ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀንም 90 ደቂቃ ላይ ገደበችው። በ2008 ገደማ 1.1 ሚሊዮን የነበሩት የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 1 ሚሊዮን ወርደዋል፤ ወላጆች እያሰቡበት ነው። ጸሐፊው ሊሉ ሲችሉ ያላሉትን እኔ ልበልላቸው፦ በአጥሩ ላይ ከሚተረከው ውስጥ እጅግ የሚያሳፍረው «ራሱን ስቶ ተነሥቶ ጨዋታውን ጨረሰ» የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ሲያወሩ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ጨዋታው አደገኛ መሆኑ ግን በጨዋታው ላይ የታየውን ችሎታ ሐሰት አያደርገውም፤ ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ውስጥ ቀላቅለው ነው ያለፉት።

የቀረው ናፍቆት ነው የሚለው ነጥብ ነው። ትናንሽ ከተሞች ባዶ እየሆኑ፣ ትምህርት ቤቶች እየተዋሐዱ ስለሆነ ኩራቱ የሚያድርበት ቤት የለውም ይላሉ። ይህ ችግር ግን የዛሬ አይደለም፤ መልስም ተገኝቶለት ያውቃል። በ1934፣ በዚያ ክፉ የድርቅና የሥራ አጥነት ዘመን፣ ስቲቨን ኤፕለር የተባለ የነብራስካ መምህር 11 ተጫዋች ማሟላት ለማይችሉ ትምህርት ቤቶች የስድስት ሰው ፉትቦልን ፈጠረ። ሜዳው 80 በ40 ያርድ ነው፤ ኳሷን ይዞ ለመቀጠል በ10 ፈንታ 15 ያርድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ስድስቱም ኳስ መቀበል ይችላሉ፤ ከእረፍት ጀምሮ ልዩነቱ 45 ነጥብ ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል። ዛሬ በቴክሳስ ብቻ ከ100 በላይ ትምህርት ቤቶች በዚህ ዓይነት ይጫወታሉ፤ አብዛኞቹ ጠቅላላ ተማሪያቸው ከ105 የማይበልጥ ነው። እንደዚህ ባለ ትምህርት ቤት ኳስ የያዘው ልጅ በእረፍት ሰዓት የራስ ቁሩን አውልቆ ከነማልያው ከባንዱ ጋር ከበሮ ሊመታ ይችላል።

ናፍቆት ከማለት ይልቅ ጸሐፊው ሌላ ነገር ቢያነሡ ኖሮ እኔም በተቸገርኩ ነበር። ኩራቱ የቆመው ልጆቹ የቦታው ልጆች በመሆናቸው ላይ ነው ብያለሁ፤ ይህ መሠረት በብዙ ቦታ እየተሸረሸረ ነው። ፍሎሪዳ በ2016 ባወጣችው ሕግ ተማሪ በግዛቲቱ ውስጥ ቦታ ወዳለው ትምህርት ቤት ተዛውሮ ወዲያው መጫወት ይችላል። ጎበዝ ልጅ እየተባበለ ከአካባቢው የሚወሰድበት፣ የግል ትምህርት ቤቶችም ከሩቅ የሚሰበስቡበት ሁኔታ እየሰፋ ሲሄድ፣ የሁለተኛ ደረጃ ቡድን ቀስ በቀስ የፕሮፌሽናል ቡድን ታናሽ ወንድም ይሆናል። የዚያን ጊዜ የጸሐፊው ሚዛን ትክክለኛው ሚዛን ይሆናል፤ እኔም በግድግዳ ላይ የሚጻፈውን ስም ማንነት እጠይቃለሁ።

ስለ ማሲሎን አንድ እርማት ይቀረኛል። ጸሐፊው በዚያች ከተማ ሆስፒታል ለሚወለዱ ወንዶች ልጆች ትንሽ ፉትቦል ከአልጋቸው ማስቀመጥ የቆየ ልማድ መሆኑን በመጥቀስ ያሾፉባታል፤ ቀጥለውም «ማሲሎን ከፖል ብራውን ወዲህ የምትኖረው በትዝታ ነው» ይላሉ። ፖል ብራውን በወጣትነቱ ኳስ የተጫወተበትን ያንኑ ትምህርት ቤት ከ1932 እስከ 1940 አሠልጥኖ 80 ጊዜ አሸንፎ 8 ጊዜ ብቻ የተሸነፈ ሰው ነው፤ ክሊቭላንድ ብራውንስ የተባለው የፕሮፌሽናል ቡድን ስምም የመጣው ከእርሱ ነው። ያኔ የኦሃዮ ሻምፒዮን የሚመረጠው በጋዜጠኞች ድምፅ ነበርና ማሲሎን ደጋግማ ተመርጣለች። በ1972 ግዛቱ ሻምፒዮኑን በጥሎ ማለፍ መለየት ከጀመረ ወዲህ ግን ማሲሎን እስከ ፍጻሜ እየደረሰች ትሸነፍ ነበር። በ2023 መጨረሻ፣ አንድ ጨዋታ ሳትሸነፍ ለፍጻሜ ቀርባ፣ በተቀናቃኟ በካንተን ከተማ በሚገኘው ስታዲየም ከአክረን ከመጣው ከካቶሊኩ ሆባን ትምህርት ቤት ጋር ተጋጥማ 7 ለ 2 አሸነፈች። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዋንጫዋ ነው፤ 51 ዓመት ጠብቃዋለች።